ከአልካትራዝ እስከ ባሕር ዳር በዋና፦ ጓደኛችንን ምን እናድርገው?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። የምንኖረው ኦክላንድ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ፊት ለፊት፣ ወሽመጡ መሀል ያለችውን የድሮ እስር ቤት ደሴት፣ አልካትራዝን፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በየዓመቱ በመርከብ ደሴቷ አጠገብ ይወስዱንና ውሃው ውስጥ እንዘላለን። ከዚያ እስከ ከተማው ዳርቻ፣ እስከ አኳቲክ ፓርክ ድረስ ዋና ነው። በቀጥታ ሲለካ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውሃው ሞቀ በሚባልበት በመስከረም እንኳ 15 ወይም 16 ዲግሪ ነው። ጥር ላይ ወደ 11 ይወርዳል።

ሁለት ዓመት አብረን ዋኝተናል። ሦስተኛው እየመጣ ነው። ችግሩ አንደኛው ጓደኛችን ዘንድሮ ያለ ዌትሱት ነው የምገባው ብሎ ችክ ማለቱ ነው። ለማታውቁት፣ ዌትሱት ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል ወፍራም የላስቲክ ልብስ ነው። ሙቀት ይይዛል፣ ያንሳፍፋልም። ልጁ ደግሞ ሯጭ ነው፤ አጥንትና ጅማት ብቻ። ቅዝቃዜ የሚመክት ስብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ባለፈው ዓመት ዌትሱት ለብሶም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከውሃው በራሱ እግር ወጣ። ሳቀ፣ ፎቶ ተነሳን። ከሩብ ሰዓት በኋላ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት አቃተው። ሻይ ሰጠነው፤ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ የመኪናውን ቁልፍ የት እንዳደረግነው ጠየቀን። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ነገርነው። እሺ አለ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ጠየቀ። ሦስት ጊዜ ጠየቀን። እኛ በሳቅ ፈረስን።

እና እንከልክለው ወይስ ይሞክር?

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ በጣም ረዘመ። አዲስ ለምትገቡ ምላሾቹን በየቁጥራቸው እዚሁ ጨምቄ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም። ራሴን ግን አላዳንኩም፤ ምላሽ 9 ላይ ታዩታላችሁ።

ምላሽ 1። ሳን ሆዜ የምትኖር ነርስ ናት። በትሕትና ነው የጀመረችው፤ እንኳን በሰላም ወጣችሁ ብላ። ወዲያው ግን የቁልፉ ወሬ የሚያስቅ እንዳልሆነ ነገረችን። ሰው ከቀዝቃዛ ውሃ ከወጣ በኋላም የውስጥ ሙቀቱ ለተወሰነ ጊዜ መውረዱን አያቆምም። ዳር ላይ ቆሞ ደህና የመሰለው ሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊዘባርቅ፣ ሊወድቅ ይችላል። እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ጭንቅላቱም እየቀዘቀዘ ነው ባይ ናት። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያውቁ ሰዎች በቃላቸው የያዙትን ሕግም ጻፈችልን፦ 1፣ 10፣ 1። አንድ ደቂቃ ትንፋሽን ለመቆጣጠር፣ ዐሥር ደቂቃ እጅና እግር የሚታዘዙበት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ራስን እስከ መሳት። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አስከተለች፤ ዳር ላይ ሆኖ የተቀበለን ሰው ማን እንደነበር። ማንም አልነበረም። ሦስታችንም ውሃ ውስጥ ነበርን።

ምላሽ 2። አንድ መስመር ናት። ስንቱ ወገን ተሰዶ ባሕር እየበላው እናንተ ከፍላችሁ ትገቡበታላችሁ የሚል ነገር። ብዙ ላይክ አግኝታለች። ምን ብዬ እንደምመልስ ስላላወቅኩ ዝም አልኩ። በኋላ ሌላ ሰው መልሶላታል።

ምላሽ 3። ርዕሱን ብቻ አንብቦ የገባ ነው። እስከ ባሕር ዳር በዋና ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ዓባይን ሽቅብ እንደሆነ የምንሄደው ጠየቀ። ዳርቻ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ርዕስ መቀየር አይቻልም።

ምላሽ 4። ከአልካትራዝ ዋኝቶ የወጣ ሰው የለም፣ ውሃው ሻርክ በሻርክ ነው፣ ስለዚህ ወሬያችሁ ውሸት ነው ባይ። ሲጽፍ ቅንጣት ጥርጣሬ የለበትም።

ምላሽ 5። ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፤ 4ኛውን ለማረም ብቻ የመጣ ይመስላል። የፌዴራል እስር ቤቱ ከ1934 እስከ 1963 ነው የሠራው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 36 ሰዎች በ14 ሙከራ ለማምለጥ ሞክረዋል። አብዛኞቹ ተይዘዋል። በሰኔ 1962 ፍራንክ ሞሪስና ሁለቱ የአንግሊን ወንድማማቾች ከዝናብ ካፖርት በሠሩት ጀልባ ወጡ፤ እስከ ዛሬ እነሱም ሬሳቸውም አልተገኘም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ግን ጆን ፖል ስኮት የተባለ እስረኛ በዋና ጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ደርሷል። ሲያገኙት በቅዝቃዜ ተዝለፍልፎ ነበር። አሳክመው ወደ እስር ቤቱ መለሱት። እኔ የወደድኩት ግን ሌላውን ታሪክ ነው። በጥቅምት 1933፣ የፌዴራል እስር ቤቱ ሳይከፈት፣ አናስታሲያ ስኮት የምትባል የ17 ዓመት ልጅ በ43 ደቂቃ ዋኝታ ከተማው ደርሳለች። ጃክ ላሌን የተባለው የስፖርት ሰው ደግሞ በ1974፣ በ60 ዓመቱ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ጀልባ እየጎተተ ተሻግሯል። 5ኛው ጽሑፉን የዘጋው 4ኛው ከመጻፉ በፊት እንዲያነብ በመምከር ነው። ክሩ መምረር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 6። ስለ ሻርኩ ብቻ ጻፈ። ወሽመጡ ውስጥ የሚኖሩት ብዙዎቹ ሻርኮች ሰው የማይነኩ ናቸው። በ2015 ግን ትልቁ ነጭ ሻርክ አልካትራዝ አጠገብ አንድ የባሕር እንስሳ ሲበላ በቪዲዮ ተቀርጿል። ዋናተኛ የነከሰው ሌላ ነው፤ የባሕር አንበሳ። በ2017 መጨረሻ፣ እዚያው እኛ የምንወጣበት አኳቲክ ፓርክ ውስጥ። ሰውዬው ሊያረጋጋን አስቦ ነበር መሰለኝ።

ምላሽ 7። 4ኛው ተመልሶ መጣ። ሻርኩን በተመለከተ ልክ እንደነበርኩ ይመዝገብልኝ ይላል።

ምላሽ 8። ወሽመጡ ላይ ሰው በሚያመላልስ መርከብ የሚሠራ ወንድም ነው። የክሩ ምርጥ ምላሽ የሱ ነው። ስለ ቅዝቃዜው ስናወራ ስለ ውሃው አካሄድ ረሳን አለ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ያ ሁሉ ውሃ የሚገባውና የሚወጣው በጎልደን ጌት በኩል ነው፤ በሩ ደግሞ ስፋቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ውሃው ሲበረታ እዚያ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ደህና ዋናተኛ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ስለዚህ ከደሴቷ ተነስቶ በቀጥታ ወደ አኳቲክ ፓርክ የሚዋኝ ሰው እዚያ አይደርስም። ባሕሩ እየጎደለ ከሆነ ውሃው ወደ ቀኝ፣ ወደ ድልድዩ ይወስደዋል። መላው ከዒላማው ወደ ግራ አድርጎ መዋኘትና ግፊቱ ራሱ እንዲያደርስ መተው ነው። ከውሃው ደረጃ ሆኖ ዳርቻው አይለይም፤ ብዙ ሰው ፎንታና የሚባሉትን ሁለት መንትያ ፎቆች እያየ ነው የሚዋኘው። የአኳቲክ ፓርክ መግቢያ ጠባብ ነው። ያን ያለፈ ሰው ፎርት ሜሰን ላይ ይገኛል፤ ወይ ጀልባ አንስቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የማልወደውን ጥያቄ ጠየቀ። ሦስታችሁም ሁለቱንም ዓመት ሙሉውን በራሳችሁ ጨርሳችኋል ወይ ነው ነገሩ።

ምላሽ 9። ይህ የኔ ነው። ባለፈው ዓመት መግቢያውን ስቼ አልፌው ነበር። ፎቆቹን እያየሁ መስሎኝ ሌላ ሕንፃ እያየሁ ነበር። ትንሽ ጀልባ አነሳኝና መግቢያው አጠገብ ወስዶ ጣለኝ። ጀልባው ላይ የተቀመጥኩት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ዋኝቼ ወጣሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም። ሚስቴም የምታውቀው ዛሬ ነው።

ምላሽ 10። የሐዋሳው ጓደኛችን። ሐይቅ ዳር ያደገ ስለሆነ ከሦስታችን ደህና ዋናተኛው እሱ ነው። አካውንት የከፈተው ለዚህ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ በየሰርጉና በየለቅሶው አልካትራዝን ስተርክ ዝም ብሎ መስማቱን አስታወሰኝ። ስለ ሐቀኝነት ሁለት አንቀጽ ጻፈ። ይገባኛል። መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት ስላደረገ ታርቀናል ብዬ ወስጄዋለሁ።

ምላሽ 11፣ 12፣ 13። ክሩ እዚህ ጋ ሀገር ቤት ገባ። 11ኛው የጎንደር ልጅ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዝለልን ከፈረንጅ መማር እንደማያስፈልገን፣ በየዓመቱ በጥምቀት ጥዋት ወጣቱ ፋሲል መጠመቂያ ውስጥ እንደሚዘል አስታወሰ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጥር ንጋት ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ የመጣ ነው። እሱ ራሱ ዘሏል። ጥርሱ እስከ ቀትር ሲንገጫገጭ እንደዋለ ጻፈ። 12ኛዋ ተቆጣች። ጥምቀት በረከት እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ዘሎ መውጣትና 2 ኪሎ ሜትር መዋኘትም አንድ አይደለም። 13ኛው የጎንደሩ ራሱ ነው፤ ብርድ ብርድ ነው ብሎ መለሰላት። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ደቂቃ አንድ ነው፤ ትንፋሽህን ቀምቶ ደረትህን እንደ ጡጫ የሚመታህ እሱ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምላሽ 14። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከዋሽንግተን። የጻፉት ረጅምና ደስ የሚል ነው፤ ስለ ጥያቄዬ ግን አንዲትም ቃል የለበትም። ዋና የተማሩት ግዮን ሆቴል ነው። በኋላ በየበዓሉ ሶደሬ ይወርዱ ነበር። የኛ ትውልድ ውሃ የሚያውቀው ፍል ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለኛ መታጠቢያ እንጂ መዋኛ አይደለም ይላሉ። ሶደሬ ሲሄዱ እናታቸው አዋሽ ዳር እንዳይደርሱ በአዞ እያስፈራሩ ነበር የሚልኳቸው። እንደሳቸው ከሆነ አዞው እውነት ነው፣ እናታቸውም አልተሳሳቱም። ስድስት ሰው ከሥር ስለ ሶደሬ ጻፈ። እነሱን ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 15። እኛና ዋና ምንና ምን ነን የሚል ፌዝ። የሪዮውን ኦሎምፒክ አንስቶ፣ በ2016 በ100 ሜትር ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ የወጣውን ሮቤል ኪሮስን እየጠቀሰ ቀለደ። ያን ቀልድ ዓለም ሁሉ ያኔ ቀልዶ ጨርሶታል።

ምላሽ 16። ይህ ሰው የመለሰው ለ15ኛውም ለ2ኛዋም ነው። ከቦሳሶ ተነስቶ በጀልባ የመን ገብቷል። ዋና አይችልም ነበር። ሌሊት ነው የተሳፈሩት። ዳርቻው መብራቱ እየታየ፣ ደላሎቹ የጥበቃ ጀልባ ፈርተው ሰዉን እየገፉ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ጥልቀቱ አገጩ ድረስ ነበር፤ እሱ ረጅም ነው። አጠገቡ የነበረችው ልጅ አጭር ነበረች። ስለሷ ከዚህ በላይ አልጻፈም። አሜሪካ በገባ በዓመቱ፣ የሚከፍለው የቤት ኪራይ ሳይኖረው፣ የዋና ትምህርት ተመዘገበ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ውስጥ ይዋኛል። 2ኛዋን አልተሳደበም። የምታወራበትን ባሕር እንደሚያውቀው፣ ከፍሎ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ብቻ ነገራት። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 17። 2ኛዋ ይቅርታ ጠየቀች። አጭርና ከልብ ነው።

ምላሽ 18። ኦስሎ የምትኖር እህት ክሩን ወደ መንገዱ መለሰችው። ክረምት ላይ በረዶ ተሰብሮ ከሚገባበት ውሃ ገብታ ሳውና የምትሄድ ናት። መጀመሪያ የነርሷን ቁጥር በጨዋነት አረመች። 1፣ 10፣ 1 የሚባለው በረዶ ለሚያክል ውሃ ነው፤ በ15 ዲግሪ ጊዜው ሰፋ ይላል፣ በተለይ ለለመደ ሰው። ቀጥላ ልምምድን አነሳች። የመጀመሪያው ድንጋጤ የሚቀንሰው በመግባት ብቻ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ እየገቡ መውጣት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ገንዳ ውስጥ መቶ ዙር መዋኘት ለክንድ እንጂ ለብርድ አይጠቅምም። ስትገባ ወዲያው አትዋኝ፤ ተንሳፈፍ፣ ትንፋሽህ እስኪረጋ ጠብቅ ትላለች።

ምላሽ 19። አንድ መለኪያ አረቄ ከመግባት በፊት ሁሉን ነገር ይፈታል የሚል ምክር።

ምላሽ 20። ነርሷ ናት፤ ትሕትናው አልቋል። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት የሚሰጥ እየመሰለ ሙቀት ያስወጣል። 19ኛው ለመሞት ከፈለገ ብቻውን እንዲሞክረው፣ ሰው ግን እንዳይመክር ጻፈችለት። የኦስሎዋን እርማት ተቀብላለች። ግን 10ም ይሁን 30፣ ለብቻው ለሚዋኝ ቀጭን ሰው ልዩነቱ ብዙ አይደለም ባይ ናት።

ምላሽ 21። ዌትሱት ማጭበርበር ነው የሚል ሰው መጣ። አኳቲክ ፓርክ ዳር ያሉት የድሮ ክለቦች፣ ሳውዝ ኤንድ ከ1873፣ ዶልፊን ከ1877 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ብዙ አባሎቻቸው ዓመቱን ሙሉ በዋና ልብስ ብቻ ነው የሚገቡት። የእንግሊዝን ቦይ፣ ማለትም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለውን ባሕር፣ የሚያቋርጥ ዋናተኛም ዌትሱት ለብሶ ከሆነ ዋናው በደንቡ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ጓደኛችሁ ብቻ ነው ወንድ ብሎ ጨረሰ። ታሪኩ ልክ ነው። የመጨረሻዋ ቃል ግን አናደደችኝ።

ምላሽ 22። የመርከቡ ወንድም ነው፤ እሱንም አናዳዋለች። እነዚያ ሰዎች ሃያ ዓመት በየጥዋቱ ገብተው ነው፣ የናንተው ልጅ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚገባው አለ። ዌትሱት ከሙቀቱ ይልቅ በማንሳፈፉ ነው የሚጠቅመው። እግሩ የተሸማቀቀ ሰው በጀርባው ተኝቶ ካያኩ፣ ትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ እስኪደርስ መጠበቅ ይችላል። ያለሱ የሰመጠውን ፍለጋ የሚወጣው የሱ መርከብ እንደሆነም ጨመረ።

ምላሽ 23። በመጨረሻ ጓደኛችን ራሱ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ያነብ ነበር። የክለብ ነገር አይደለም፣ የወንድነትም አይደለም። ዌትሱቱን የገዛው ሰው ለብሶት የተወውን፣ በርካሽ ነበር። ባለፈው ዓመት ከመርከቡ እንደዘለለ አንገቱ ላይ ያነቀው መሰለው። ትንፋሽ አልገባ አለው። ዚፑ ጀርባ ላይ ነው፤ ብቻውን አይደርስበትም። ግማሹን መንገድ የዋኘው በጀርባው ነው፣ አንገቱን በጣቱ እየሳበ። ስንጠብቀው ቆይቶ ሲመጣ ውሃው አሳስቶኝ ነው ያለን ለዚህ ነበር። ዘንድሮ ያለ ልብስ እገባለሁ ሲል ሞት ከመጣ በብርድ ይምጣ እንጂ ታንቄ አልሞትም ማለቱ ነው።

ይህን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እኔ ጀልባ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ አንገቱን ይዞ፣ ሁለታችንም ዳር ላይ ወጥተን ተቃቅፈን ሳቅን።

ምላሽ 24። የኦስሎዋ። ልብሱ ጠቦታል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከመዝለሉ በፊት በአንገቱ በኩል ውሃ ቢያስገባ ይላላል፤ አንገቱን ቅባት ይቀባው። ካልሆነ ግን በልኩ ይከራይ። ያለ ልብስ መግባት ከፈለገም ይችላል፤ ከዳር ጀምሮ፣ ለወራት እየለመደ እንጂ ከመርከብ ዘሎ አይደለም።

ምላሽ 25። 21ኛው ወንድ ያለውን መልሶ ወሰደ። በከፊል።

ምላሽ 26። ምላሽ 16ን የጻፈው ሰው ለሐዋሳው ልጅ ጥያቄ አለኝ አለ። ሁለቱ የደበቁትን ተናግረዋል፤ ያንተስ ምንድን ነው? የሐዋሳው ጓደኛችን መልእክቱን አይቶታል። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ መልስ የለም።

ምላሽ 27። የመርከቡ ወንድም የቅዳሜውን የባሕር ሰዓት አይቶልናል። ጥዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውሃው ይረጋጋል። አኳቲክ ፓርክ ውስጥ፣ ከዳር ሳንርቅ፣ ለዐሥር ደቂቃ ሦስታችን እንገባለን። ዌትሱቱን በልኩ ተከራይተንለታል። 16ኛውም ይመጣል።

ምላሽ 28። ነርሷ ከሳን ሆዜ በመኪና ትመጣለች። ብርድ ልብስና ሁለት ፔርሙዝ ሻይ ይዛ ዳር ላይ ትቆማለች። ውሃ ውስጥ እንደማትገባ በግልጽ አስቀምጣለች። የሦስታችንም የመኪና ቁልፍ እሷ ጋ ይቀመጣል።